መርከብ መንገደኛን አይጠብቅም
(በሬዲዮ ከተነገረው)



በዛሬው ንግግራችን ስለ መዝናኛ መርከብ ጉዞ ጥቂት ቃል ልናሰማችሁ አስበናል። አገራችን የባሕር በር የሌላት ስለ ሆነች «ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አድማጭ አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻቸው በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩላቸው አባቶችና እናቶች ብዙዎች ናቸው። ልጆቹም ወላጆቻቸውን ወደሚኖሩበት አገር በጠሩ ጊዜ «እኛን ለማሳደግ ብዙ ደክማችኋልና እስቲ እናንተም ጥቂት ዕረፉ» በማለት አንዳንዶቹ ለአንድ ሳምንት በመርከብ አሳፍረው ከደሴት ወደ ደሴት ያዞሯቸዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ደግ ሐሳብ በደስታ እንዲፈጸም ወይም በሐዘን እንዲያልቅ የሚያደርገው፤ አብዛኛውን ጊዜ፤ መንገደኛው ገና በየብስ ሳለ ያደረገው መሰናዶ ነው። በመርከብ ደጋግመው የተጓዙ ሰዎች ሁሉ በዚህ ነገር አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ የሰማነውንና የታወቀውን ነገር አከማችተን በየተራው እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የዛሬው የመዝናኛ መርከብ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥር ወር 2024 ከማያሚ ሥራውን የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለው መርከብ ርዝመቱ 365 ሜትር ያህል፤ ፎቁም 20 ሲሆን፤ እስከ 7,600 መንገደኞችና ከ2,300 በላይ ሠራተኞችን ይይዛል። ይህም ማለት አንድ መለስተኛ ከተማ ከነገበያውና ከነሆስፒታሉ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል ማለት ነው። ከተማ ከሆነ ዘንድ የራሱ ሕግና የራሱ ሰዓት አለው። መንገደኛውም የዚያን ከተማ ሕግ ሳያውቅ የገባ እንደ ሆነ ገንዘቡን ከፍሎ ጭንቀት ይገዛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የወረቀት ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው ወደብ በሚመለስ መርከብ ለሚሳፈር የአሜሪካ ዜጋ ብዙ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይበቃዋል። ዜግነት ያገኘ ልጅ ታዲያ ለእርሱ የቀለለው ነገር ለእናቱም የሚቀልላቸው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በጎብኚ ቪዛ የመጡ እናት ከማያሚ ተነሥተው ባሃማስ ደርሰው ቢመለሱ፤ በሕግ ዓይን ከአሜሪካ ወጥተው እንደ ገና የሚገቡ ሰው ናቸው። ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻቸው ይዘጋል። የመርከቡ ሠራተኞችም ይህን ስለሚያውቁ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በሚያዩበት ሰዓት ገና ከወደቡ በር ላይ «አይሳፈሩም» ይሏቸዋል። በአውሮፓም ነገሩ ያው ነው። ከግሪክ ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ የቱርክን ወደብ ኩሻዳሲን ጎብኝቶ በሚመለስ መርከብ የሚሳፈር ሰው፤ የሸንገን ቪዛው ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። እንግዲህ ቲኬት ከመግዛት በፊት የመንገደኛውን ሁሉ ፓስፖርት በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፤ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች በዝርዝር ጽፎ፤ እያንዳንዱ አገር ለዚያ ፓስፖርት ቪዛ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ከየቈንስላውና ከመርከቡ ኩባንያ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ያለው ሰውም ካርዱንና ፓስፖርቱን አንድነት ይያዝ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ልምድ ያላቸው መንገደኞች መርከቡ በሚነሣበት ቀን በአውሮፕላን ወደ ወደቡ ከተማ አይሄዱም፤ በዋዜማው ደርሰው ያድራሉ። የሆቴሉ ኪራይ የሚያስቈጭ ቢመስልም አውሮፕላን የዘገየ እንደ ሆነ ከሚጠፋው ገንዘብ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። የመሳፈሪያው በር መርከቡ ከሚነሣበት አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ መዘጋቱ የተለመደ ነው። የቀረ ሰው «በሚቀጥለው ወደብ እደርስበታለሁ» ብሎ ቢያስብም ሁልጊዜ አይሳካለትም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 የወጣ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው የአሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያመላልሱ ይከለክላል። አብዛኞቹም የመዝናኛ መርከቦች የባሃማስን፤ የፓናማን ወይም የሌላ አገርን ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። ስለዚህ በማያሚ ያመለጠውን መርከብ በማግሥቱ በኪይ ዌስት ልሳፈርበት የሚል ሰው ሕጉ ሊያግደው ይችላል።

በየወደቡ ወርዶ አገር ሲጎበኝም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጋቢት ወር 2024 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከደቡብ አፍሪካ ወደ እስፓኝ ይጓዝ የነበረ አንድ መርከብ በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ደሴት አጠገብ ቆሞ ሳለ፤ 8 መንገደኞች በግላቸው ባሰናዱት ጉብኝት ውለው ከመመለሻው ሰዓት በኋላ ደረሱ። የደሴቲቱ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በጀልባ ወስደው እስከ መርከቡ ቢያደርሷቸውም እንዲሳፈሩ አልተፈቀደላቸውም። ፓስፖርታቸው በየብስ ላለው የመርከቡ ወኪል ተሰጥቶ መርከቡ መንገዱን ቀጠለ። በጋምቢያ ሊደርሱበት ከአገር አገር ተዘዋውረው ቢሄዱም የባሕሩ ውሃ በመጉደሉ መርከቡ በዚያ ወደብ ሳይቆም አለፈ። በመጨረሻ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ተሳፈሩ። በዚህ ጊዜ መርከቡ ጨካኝ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ መርከብ በወደብ የሚቆይበት ሰዓት አስቀድሞ የተቈረጠ ነው፤ ለቦታው ኪራይ ይከፍላል፤ መንገድ መሪው ቀጠሮ አለው፤ የባሕሩም ውሃ በሰዓቱ ይሞላል በሰዓቱ ይጎድላል። ስለ ጥቂት ሰዎች ሲባል ሺሕ የሚሆኑ ሌሎች ቀጣዩን ወደብ እንዲያጡ አይደረግም። መርከቡ ራሱ ባሰናዳው ጉብኝት የሄዱ መንገደኞች ግን የዘገዩ እንደ ሆነ ወይ ይጠበቃሉ፤ ወይም በመርከቡ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ይላካሉ። ዋጋው ከግል አስጎብኚ የሚበልጠው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በግሉ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ከመመለሻው ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ በወደቡ አካባቢ ለመገኘት ይቊረጥ።

በዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚነገር አንድ ነገር አለ። በመርከቡ ማስታወቂያ ላይ «5 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው በእኛ አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሽማግሌዎች የያዙት የእጅ ሰዓት በአገራቸው አቈጣጠር የሚነበብ ሲሆን፤ ወጣቱ በስልኩ የሚያየው ደግሞ የወደቡን አገር ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ መርከቡ ግን የሚነሣው በራሱ ሰዓት ነው። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዓት ሲኖር አንዱ መቅረቱ አያስደንቅም። ስለዚህ ከመርከቡ ከመውረድ በፊት በበሩ ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ የሁሉንም ከእርሱ ጋር ማስተካከልና፤ የመመለሻውን ሰዓት በአማርኛ ጽፎ በወላጆች ኪስ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። በጋዜጣና በማስታወቂያ የሚታየው ዋጋ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ሲያድሩ ለአንዱ ሰው የሚከፈለው ነው። ብቻውን የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ዋጋ የሚያህል ይከፍላል። ከዚህም በቀር በብዙዎቹ የአሜሪካ መርከቦች ለአሳላፊዎችና ለክፍል አጽጂዎች የሚታሰብ የዕለት ጉርሻ አለ። ይህን ለአንድ ሰው በቀን 16 ዶላር ብቻ ነው ብለን ብናሰላ እንኳ፤ አራት ነፍስ ያለበት ቤተ ሰብ በ7 ቀን 448 ዶላር ይከፍላል። ለስላሳና የአልኮል መጠጥ፤ ኢንተርኔትና ፎቶግራፍ ሁሉ ለየብቻ ይታሰባሉ። በመርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ ስለማይገበያዩና ሁሉም በአንዲት ካርድ ስለሚጻፍ፤ ወጪው የሚታወቀው በመጨረሻው ጧት ነው። ብዙ ጊዜ የተጓዙ ሰዎች ሒሳባቸውን በየማታው ያያሉ። ስልክንም መርከቡ ከወደብ ሲነሣ «ኤርፕሌን ሞድ» በሚባለው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በባሕር ላይ ባለው በሳተላይት መስመር ይገናኝና፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቲኬቱ ዋጋ የማይተናነስ ሒሳብ ሊያመጣ ይችላል።

አራተኛው ጤና ነው። ባሕር የማያውቅ ሰው የሚፈራው ማጥወልወሉን ነው። መርከብ በማዕበል ላይ ሲሄድ እንደ ሚዛን ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍና ዝቅ ሲሉ መካከሉ ብዙ አይናወጥም። ስለዚህ ለሽማግሌዎች ክፍል ሲመረጥ ከመርከቡ መካከልና ከታችኞቹ ፎቆች ቢሆን መልካም ነው። ለማጥወልወል የሚታዘዘውን ክኒን ከሐኪም ጋር ተማክሮ ሕመሙ ሳይጀምር መዋጥ፤ ዝንጅብል ማኘክ፤ ወደ ውጭ ወጥቶም ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን አድማስ መመልከት ይረዳል። ከማጥወልወሉ የሚከፋው ግን ኖሮቫይረስ የተባለው ተውሳክ የሚያመጣው ተቅማጥና ትውከት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ ስለሚበላ ከእጅ ወደ እጅ ይዛመታል። በአሜሪካ የመርከቦችን ንጽሕና የሚቈጣጠር የመንግሥት ክፍል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 የተቋቋመ ሲሆን፤ ከመንገደኛው ወይም ከሠራተኛው በመቶ 3 ያህል የታመመበትን መርከብ ለሕዝብ ያስታውቃል። በየበሩ የሚሰጠው የእጅ አልኮል ለዚህ ተውሳክ ብዙ አይበግረውም፤ የሚያጠራው በሳሙናና በውሃ 20 ሰከንድ ያህል መታጠብ ነው። ከማዕድ በፊት እጅን መታጠብ የአባቶቻችን ደንብ ነውና ይህን ምክር ለመፈጸም አንቸገርም።

ከሃያ ዓመት በላይ በዋሺንግተን አካባቢ የኖሩና በመርከብ ደጋግመው የተጓዙ አንዲት ወይዘሮ እንዲህ ይላሉ፦ «ሻንጣ በወደቡ ላይ ለተሸካሚዎች ይሰጣል፤ እስከ ማታም ላይመጣ ይችላል። እኔ መድኃኒቴን፤ ፓስፖርቴንና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጄ ይዤ እገባለሁ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ክኒኑን በሻንጣ ቢልከው የመጀመሪያዋን ሌሊት በሥጋት ያድራል።» እኒሁ ወይዘሮ የሚጾሙ ሰው ናቸውና በመጀመሪያው ማታ ለአሳላፊዎቹ አለቃ ሥጋ፤ ወተት፤ ቅቤና ዕንቍላል የሌለበት ምግብ እንደሚፈልጉ ያስታውቃሉ፤ የማግሥቱን ምግብ በየማታው አስቀድመው ሲያዝዙም እስከ ዛሬ አልተቸገሩም። የመርከብ ሐኪም ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑንና ብዙ ጊዜም በመንገደኛው ካርድ ላይ በቀጥታ የሚጻፍ መሆኑን ደግሞ አንርሳ። በአሜሪካ ለአረጋውያን የሚሰጠው «ሜዲኬር» የተባለው ዋስትና ከአሜሪካ ውሃ ውጭ በአብዛኛው አያገለግልም። ስለዚህ ለጉዞው የሚሆን ኢንሹራንስ፤ በተለይም ሕመምተኛን ከባሕር ላይ አንሥቶ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰውን፤ መግዛት ከጸጸት ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

በመጨረሻ የምንናገረው ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። መርከቡ ሊነሣ ሲል መንገደኛው ሁሉ አደጋ ቢደርስ የሚሰበሰብበትን ቦታ እንዲያይና የመንሳፈፊያውን ሰደርያ አለባበስ እንዲማር ይታዘዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ ይንቀዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጥር 13 ቀን 2012 ማታ «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የተባለው መርከብ 4,229 ሰዎች ይዞ በኢጣልያ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ቀን ከቺቪታቬኪያ ወደብ ከተሳፈሩት ወደ 700 የሚሆኑት ትምህርቱን ገና አልተቀበሉም ነበር፤ የዚያን ጊዜ ደንብ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ጊዜ ይሰጥ ነበርና። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለውጦ ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ትምህርቱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲሰጥ ተወስኗል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፤ ፎቶግራፍ ከመነሣትና ወደ ማዕድ ቤት ከመሮጥ በፊት ልጅ አባትና እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ከክፍላቸው እስከ መሰብሰቢያው ቦታ አንድ ጊዜ በእግር ያድርሳቸው። ትእዛዙ የሚነገረው እነርሱ በማያውቁት ቋንቋ ነውና፤ በአማርኛ የሚያስረዳቸው ከልጃቸው በቀር ማንም የለም።

ክቡራን አድማጮች፤ ባሕር ሰፊና ውብ ነው፤ በመርከብ ሰገነት ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየትም ዕድሜ ለደከመው ሰው ታላቅ ዕረፍት ነው። ይህን ዕረፍት ለወላጆቻችሁ ለመስጠት ያሰባችሁ ሁሉ ወረቀታቸውን መርምሩ፤ በዋዜማው ድረሱ፤ ሰዓታቸውን አስተካክሉ፤ መድኃኒታቸውን በእጃቸው አስይዙ፤ የመዳኛቸውንም መንገድ አሳዩአቸው። ይህን ያደረገ ልጅ ስጦታው የተሟላ ይሆንለታል።