አክስቴን ስንጦር፦ ማዕከል ከመግባታቸው በፊትና በኋላ

(እንጅባራ በተካሄደው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን ስለ ቁጠባ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ቁጠባችንንም ጉልበታችንንም ሳይታይ ስለሚበላው ነገር፣ ስለ መጦር፣ ላውራ ብዬ አስፈቅጃለሁ።

የአባቴ እህት ዳንግላ ነበር የሚኖሩት። ልጅ አልወለዱም። ግማሽ ጎናቸውን ከታመሙ በኋላ እኛ ቤት መጥተው ሁለት ዓመት ተኩል ተቀመጡ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ደብተር ከፈትኩ። ሳሙና፣ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ የባጃጅ እያልኩ ወጪውን ሁሉ ጻፍኩ። አንድ ወር ግን ብሩን ትቼ ሰዓቱን ቆጠርኩ። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው ሌሊት ሳይቀር በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ሲደመር በቀን አምስት ሰዓት፣ በወር 150 ሰዓት ሆነ። እኔ ቢሮ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ብሠራ 176 ሰዓት ነው። እንግዲህ ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ ማለት ነው። አብዛኛውን የሠራችው ደግሞ ትምህርቷን ወደ ማታ ያዛወረችው ታናሽ እህቴ ናት። ወንድሞቼ ብር ይልኩ ነበር፤ ይመስገኑ። ብር ግን ሌሊት ተነስቶ አያገላብጥም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንኳ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ ሲጥል ወንድና ሴት ልጅ ብሎ አልለየም፤ የለየነው እኛ ነን።

የእህቴ ወገብ ሲጎዳ ማዕከል መፈለግ ጀመርን። በአገራችን እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ሁላችን የምናውቀው፣ ቢንያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት መቄዶንያ፣ በዋናነት የሚያነሳው ጧሪ ቀባሪ አጥተው የወደቁትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። ዘመድ ያለው ሰው ቦታ ማግኘት ይከብደዋል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሌላ ማዕከል ተቀበለን። «ጣሏቸው» ተብሎ ታማን። ያሙን ሰዎች አንድም ሌሊት አጠገባቸው ያላደሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የተዘጋ ይመስላል፤ አልተዘጋም። አክስቴ አማርኛ ያውቃሉ፤ ከታመሙ ወዲህ ግን የሚቀናቸው አገውኛ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ አገውኛ የሚሰማ የለም። «ውኃ»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ሽንት ቤት» በአገውኛ እንዴት እንደሚባል ጽፈን ላክን፤ ነርሷ ራስጌያቸው ላይ ለጠፈችው። እሑድ እሑድ እህቴ በስልክ ታጫውታቸዋለች። አንዳንዴ መልስ አይሰጡም፤ ድምፅ ግን ይለያሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው እድሩን ነው። ሰው አገር ሲለቅ መዋጮው ይቆማል፤ ሲቆም ስሙ ይሰረዛል። አክስቴ ሲሄዱ አደራ ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳንግላ፣ ከአባቴ አጠገብ፣ እንዲቀበሩ። ስለዚህ በየወሩ ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የዳንግላው እድር መዋጮ ነው። እሱን ወንድሞቼ ተረክበዋል።

አሁን ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤቷ የአልጋ ቁራኛ ያለባት አባል ለአንድ ወር ሰዓቷን ትጻፍ። ሌሎቻችን ደግሞ በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ተራ ገብተን ከታማሚው ጋር እንቀመጥላት። ሁለት ሰዓት ገበያ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ ከካዝናችንም አንድ ብር አያስወጣም። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከቡናው በኋላ እኔ ጋ ተመዝገቡ፤ ደብተሩን ይዤ መጥቻለሁ።