የመስኮት ጓሮ ሲታመም

ጓሮ የሌለን ሰዎች ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ፣ ያለ አፈር፣ መስኮታችን ሥር ሰላጣና ጎመን ማብቀል እንችላለን። ታዲያ ቅጠሉ ሲጠወልግ ብዙዎቻችን መርዝ ፍለጋ እንሮጣለን። ኧረ ተዉ! ቤቱ የምንተኛበት፣ ቅጠሉም ልጆቻችን የሚበሉት ነው። መጀመሪያ ምክንያቱን እንፈልግ።

ሥሩን አንሥተን እንይ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ ከሸተተ አየር አጥሮታል፤ ሥርም ይተነፍሳልና። ምናልባት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሟል፤ ወይም ዝቃጭ ቱቦውን ደፍኖታል። ፓምፑን ከሶኬት ነቅለን እንጠበው፤ ውሃውንም እንለውጥ።

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን ገብቶበታል። ዕቃውን በጥቁር ጨርቅ እንሸፍነው።

ጉንዳን ከተመላለሰ ቅጠሉን እንገልብጥ። ጉንዳን ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይወዳል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን፣ ወደ ሥሩ ሳናንጠባጥብ፣ ከቅጠሉ በታች እንርጨው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንድገመው። ስንበላም አጥበን እንብላ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? በየጧቱ ቅጠል ገልብጦ ማየት ከመርዝ ያድናል።