ሽጉጥ ሳይነካ ለምን ይባርቃል?

የዛሬው ቃላችን «መባረቅ» ነው። መባረቅ ማለት ማንም ሳያስበው ጥይት ሲተኮስ ነው።

እስቲ አንድ እንቁላል አስቡ። የምስማር ጫፍ እንቁላሉ ላይ አርፏል። በምስማሩ ራስ ላይ ደግሞ መዶሻ ተደግፏል። አሁን መዶሻውን ነካ ብታደርጉትስ? እንቁላሉ ተሰነጠቀ ማለት ነው።

በ1873 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው የኮልት ሪቮልቨር ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ጥይቶቹ የሚቀመጡት ስድስት ቀዳዳ ባለው ተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ ነው። የመዶሻው ሹል ጫፍ የጥይቱን መቀጣጠያ ነክቶ ሊያርፍ ይችላል። ታዲያ ሽጉጡ ወድቆ መዶሻው መሬት ቢመታ፣ ምላጩ ሳይነካ ሊባርቅ ይችላል። ለዚህም ነው ጠንቃቆቹ አምስት ጥይት ብቻ አጉርሰው፣ ከመዶሻው ፊት ያለውን ቀዳዳ ባዶ የሚተዉት።

በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሽጉጥ አምራቹ የሩገር ኩባንያ መላ አመጣ። በመዶሻውና ጥይቱን በሚመታው መርፌ መካከል ትንሽ ብረት አስገባ። ምላጩ ካልተሳበ ብረቱ ከፍ አይልም። ብረቱ ከፍ ካላለ ደግሞ ምቱ ከመርፌው አይደርስም።

ይሁን እንጂ ብረት ጥንቃቄን አይተካም። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ። የከበሮውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እዩ። ጥይቱን ለብቻ፣ ሽጉጡን ለብቻ ቆልፉ።

አደራ! «ባዶ ነው» ከማለታችሁ በፊት ዓይናችሁ ይመስክር።