ኑዛዜ በቃል ብቻ አይጸናም

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቋንቋችን ለነፍስም ለንብረትም የምንጠቀምበት ቃል አንድ ነው፤ ኑዛዜ። ምእመን ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ ሀብቱንም ለቤተሰቡ ይናዘዛል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአንድ አልጋ አጠገብ፣ በአንድ ካህን ፊት ስለሚነገሩ ሥርዓታቸውም አንድ ይመስለናል። ነገር ግን አንድ አይደለም። የነፍሱ ኑዛዜ በቃል ይፈጸማል፤ የንብረቱ ግን ጽሑፍ፣ ምስክርና ፊርማ ይሻል።

ይህን የተማርነው በጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ አንድ አረጋዊ በጠና ታመው የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። እኛም ካህኑን ተከትለን ሄድን፤ አንድ ጎረቤትም በዚያ ነበሩ። አረጋዊው «ከእኔ በኋላ ቤቱ ለባለቤቴ ይሁን፤ ሃያ ዓመት ኖራብኛለች፣ አስታማኛለች፤ ማንም እንዳያስወጣት» አሉ። ሦስታችንም ሰማን፤ «እሺ አባታችን» ብለን ጸሎት ተደርጎ ወጣን። በሳምንቱ ዐረፉ።

ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተሠራ ነበር። ከቀድሞ ሚስታቸው የተወለዱት ልጆች የወራሽነት ማረጋገጫ ይዘው ቤቱን ጠየቁ። እኛም ፍርድ ቤት ቀርበን የሰማነውን በመሐላ መሰከርን። ዳኛው ሐሰት ተናገራችሁ አላሉንም፤ የሰማነው ቃል ግን በሕግ ፊት ቤት የሚያወርስ ኑዛዜ ሊሆን አልቻለም። እኚያ እናታችን ከቤቱ ወጥተው ዛሬ ከእኅታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ልጆቹን አንወቅስም፤ የጠየቁት ሕግ የሰጣቸውን ነው። ራሳችንን ግን እንወቅሳለን፤ የጎደለው አንድ ምስክርና አንድ ወረቀት ነበርና።

ስለዚህ ሕጉ የሚለውን እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሟች ኑዛዜ ካልተወ ቀዳሚ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው። ባል ለሚስት፣ ሚስትም ለባል ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ የሚወስደው ከጋራ ንብረት የራሱን ድርሻ ነው። በትዳር ዘመን የተገኘው ሀብት የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት ይህ ቀላል መብት አይደለም፤ ከጋብቻ በፊት የነበረውን የግል ንብረት ግን አይጨምርም።

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፤ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም የጣት ምልክት ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ይኑርበት። ሦስተኛው በቃል የሚደረገው ነው። ይህ ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ሲሆን፣ የሚጸናው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳጊና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከቆየም ይፈርሳል። እንግዲህ ቤትን በቃል ማውረስ አይቻልም።

ከዚህ በመነሣት ለየአጥቢያው የምናቀርበው ምክር ይህ ነው። ኑዛዜን በጤና ጊዜ እናስተምር፤ የሞት አልጋ ለንስሐ እንጂ ለጽሕፈት አይመችም። ካህን ለሕሙም ሲጠራና የንብረት ነገር ሲነሣ፣ አራት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ይጠሩ፤ ይጻፍ፣ ይነበብ፣ ይፈረም። ተጠቃሚው ወይም የቅርብ ዘመዱ ምስክር አይሁን። ስጦታው ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ እኛ አገልጋዮች ከምስክርነት እንራቅ፤ ጽሑፉም በኋላ ለሐሜትና ለክርክር በር አይከፍትም። ልጁን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ቢኖር፣ በግልጽና ከበቂ ምክንያት ጋር ካልተጻፈ አይጸናም፤ ከዚያ በፊት ግን የካህን ድርሻ ማስታረቅ ነው።

ሌላው የምዝገባ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ በአስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለባቸው። የእኛን ሥርዓት ከዚህ ጋር እናስተያየው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ስለዚህ ከሴት ልጅ ጥምቀት በኋላ የሚቀሩት ዐሥር ቀናት ብቻ ናቸው። የአርባው ተዝካር ሲወጣም የሞት ምዝገባው ቀን አልፏል። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም የአጥቢያው የምስክር ወረቀት የመንግሥቱን ምዝገባ አይተካም። ያልተመዘገበች ሚስት ባሏ በሞተ ማግስት ሚስትነቷን በምስክር ስታስረዳ ትንከራተታለች። ካህኑ ከክርስትና ወይም ከተክሊል በኋላ «አስመዘገባችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው አንድ ቤተሰብ ከዓመታት እንግልት ያድናል።

አባቶቻችን ሆይ፤ ባለሙያ ጠበቃ ሁኑ አንላችሁም። ከባዱን ጉዳይ ወደ ሕግ ባለሙያ ምሩ። ነገር ግን ምእመናን በመጨረሻዋ ሰዓት የሚጠሩት ጠበቃን አይደለም፤ እናንተን ነው። መስቀላችሁን ይዛችሁ ስትወጡ፣ አንድ ንጹሕ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አብራችሁ ያዙ። እኛ ያን ዕለት ሳንይዝ ሄደን ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።