ሥርዓቱን የሳተ የልብ ምትና የሕክምናው ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአዳማ ከተማ የተደረገ ንግግር)



በመጀመሪያ የተጠየቅሁት ስለ መስኖ ፓምፖች ጥገና እንድናገር ነበር። ስለ ሌላ ፓምፕ፣ ይኸውም ስለ ራሴ ልብ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረውም እንደ አንድ ሕመምተኛና እንደ አንድ መሐንዲስ ብቻ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት በመቂና በባቱ መካከል በመስኖ ሥራ ላይ ሳለሁ ልቤ ያለ ሥርዓት ይመታ ጀመር። የፀሐዩና የድካሙ ነው ብዬ ተውሁት። በኋላ የሄድሁበት አንድ ክሊኒክም «ጭንቀት ነው» ብሎ የእንቅልፍ ክኒን ሰጥቶ አሰናበተኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ፤ ሰው የሚስማማውን ምርመራ ለማመን አይዘገይም። ስምንት ወር አልፎ አንድ ፎቅ መውጣት ሲያቅተኝ ነው አዲስ አበባ ሄጄ በኤሌክትሮካርዲዮግራምና በልብ አልትራሳውንድ የታየሁት። የተገኘውም ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት፣ ሁለተኛው ማይትራል የተባለው የልብ በር መጥበብ።

የበሩ መጥበብ የምቱ መዛባት ምክንያት ነው። በልጅነት በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳትን ሊያስከትል፣ ትኩሳቱም የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። እናቴ በዘጠኝ ዓመቴ ጉልበቴ አብጦ መራመድ አቅቶኝ እንደ ነበር ታስታውሳለች። «ብርድ ነው» ተብሎ በቅቤ ታሸሁ። በበለጸጉት አገሮች ይህ የምት መዛባት በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ሲሆን፣ በአገራችን ግን በሩማቲክ የተነሣ በጎልማሳነት የሚይዛቸው ብዙ ናቸው።

በዚህ ሕመም የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ የተዘበራረቀ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይነዛቸዋል፤ ስለዚህ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ደሙን አይገፉም። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀውን የቆቃን ግድብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አዋሽ ወደ ሐይቁ ገብቶ ሲረጋ ደለሉን በዚያው ያስተኛል። በግራው የላይኛ ክፍል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥም ደም ሲቆም ይረጋል። ልዩነቱ፣ የቆቃ ደለል ባለበት ሲቀር፣ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የታተመው የፍራሚንግሃም ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ መዛባት ብቻውን የስትሮክን አደጋ ከአምስት እጥፍ በላይ፣ ከሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር ሲሆን ግን አሥራ ሰባት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ይህን ቁጥር ያነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምቱን ወደ ሥርዓቱ መመለስ ይሻላል ወይስ ፍጥነቱን ብቻ መግታት የሚለው ነበር። መመለሻው በኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ወይም በደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረብሻውን መነሻ በመተኮስ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ህንድ ሊልኩኝ ተዘጋጅተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው አፈርም በተባለ የ4,060 ሕሙማን ጥናት ምትን በመድኃኒት መመለስ ዕድሜን አላስረዘመም። በ2020 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ምቱን በጊዜ መመለስ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ነገር ግን የእኔ በር ጠባብ ነው፤ ከኋላው ያለው ግፊት የላይኛውን ክፍል ለጥጦታል። ሐኪሜ ምቱ ቢመለስም በዚህ ሁኔታ መልሶ የመሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን አስረዱኝ። ቧንቧው ጠቦ ሳለ ሞተሩን ብቻ መጠገን ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ አልነግርም። ስለሆነም የዘመዶቼን ገንዘብ መልሼ፣ ፍጥነቱን በሜቶፕሮሎል መግታትን መረጥሁ። አልቀበልም ማለቱ ከሕመሙ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

የከበደኝ ሁለተኛው ምርጫ፣ የደም ማቅጠኛው ነው። ዋርፋሪን የተባለው መድኃኒት ታሪኩ የሚጀምረው በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ በመሞታቸው ነው። በ1948 ለአይጥ መርዝነት ቀርቦ በ1954 ለሰው ተፈቀደ። መጠኑ ካነሰ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ደም ይፈሳል፤ ስለዚህ አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ዘወትር መለካት አለበት። ጎመን ኃይሉን ይቀንሰዋል። በመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ጎመኑን እንደ ልቤ ስበላ ቁጥሬ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሜ ያዘዙኝ ጎመን እንድተው ሳይሆን መጠኑን ሳልለዋውጥ እንድበላ ነው። እናቴ አሁን በጭልፋ ትሰፍርልኛለች።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ምርመራ የማይሻውን አዲሱን ሪቫሮክሳባን ከውጭ አገር ሊልክልኝ ቃል ገባ። ለመስክ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሐኪሜ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውን ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት አሳዩኝ። በ24 አገሮች የሚኖሩ፣ እንደ እኔ ሩማቲክ ያለባቸው ከ4,500 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት ሲሆን፣ በአሮጌው የመድኃኒት ወገን ሥር የነበሩት በአዲሱ ከታከሙት ይልቅ ጥቂት ሞት ደረሰባቸው። ለሌሎች ሕሙማን የሚሻለው ለእኔ የማይሻል ሆነ። በዋርፋሪኑ ጸናሁ።

ዋጋውን ከፍያለሁ። በምሠራባቸው አነስተኛ ከተሞች ምርመራውን ስለማላገኝ ለዚሁ ወደ አዳማ እመላለሳለሁ፤ ከዚህ ርቆ የተሰጠኝን የፕሮጀክት ኃላፊነትም አልተቀበልሁም። ምክንያቱን ያልነገርኋቸው ባልደረቦቼ ሰንፏል ሳይሉኝ አልቀሩም፤ ይኸው ዛሬ ነገርኋችሁ። ከፍታ ላይ መውጣትም ትቻለሁ፤ መድኃኒቱን ለሚወስድ ሰው መውደቅ እንደ ሌላው ሰው መውደቅ አይደለም።

የሚቀጥለው የልብ አልትራሳውንድ ምርመራዬ በመጪው ጥር ነው። በሩ ከአሁኑ ይበልጥ ጠቦ ከተገኘ በፊኛ የማስፋቱን ነገር ከሐኪሜ ጋር እንወስናለን፤ ያን ጊዜም እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች በማስታወሻ ደብተሬ ተጽፈው ተዘጋጅተዋል።