ኦርኪድ ያለ ቦታው አይደምቅም
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የወር ስብሰባ ላይ በአትክልት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ «ኦርኪድን በየግቢያችን እንዴት ማሳደግ እንችላለን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ኮሚቴያችን መልስ ይዞ እንዲቀርብ ታዝዞ ነበር። መልሱን ይዘን መጥተናል። ከዚያ በፊት ግን የምንናዘዘው ጥፋት አለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን ሦስታችን ለሰርግ ወደ ከፋ ወርደን ነበር። በቡና ጫካ ውስጥ ስናልፍ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ኮከብ የመሰለ፣ ከኋላው ቀጭን ጅራት ያለው ነጭ አበባ አየን። አላስቻለንም። ከነቅርንጫፉ በገጀራ አስቆርጠን፣ በጋዜጣ ጠቅልለን አዲስ አበባ አስገባነው። በቆርቆሮ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞልተን ተከልነው፤ ጧትና ማታ ውሃ አጠጣነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ሥሩ በስብሶ ሞተ። ያኔ «ብርዱ ነው የገደለው» ተባብለን ተጽናናን። በኋላ መጽሐፍ ስናገላብጥ ግን ገዳዮቹ እኛው ሆነን ተገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ «ተቀጽላ» እንለዋለን። እውነተኛው ተቀጽላ ሥሩን ወደ ዛፉ ሥጋ ሰድዶ ውሃና ምግብ ይመጣል። የዛፍ ላይ ኦርኪድ ግን ጨዋ እንግዳ ነው፤ መቀመጫ እንጂ ምግብ አይጠይቅም። ሥሩ እንደ ስፖንጅ ያለ ነጭ ልባስ ስላለው ዝናብ ሲመጣ ይጠጣል፣ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ይደርቃል። ይህን የመሰለ ሥር በአፈርና በፍግ መቅበር ማፈን ነው እንጂ መትከል አይደለም።

ሌላም አለ። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሊገኝ ይችላል። ስንቅ ግን አልያዘም። በሚያርፍበት ቦታ የሚመግበው ረቂቅ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ቢበቅልም አበባ እስኪያሳይ ዓመታት ይፈጅበታል። እኛ በአንድ የገጀራ ምት ያወረድነው ተክል፣ ማን ያውቃል፣ ከልጆቻችን በዕድሜ ይበልጥ ይሆናል።

አገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዓይነቶች አሏት። ይህንንም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ውስጥ ማየት ይቻላል። በዛፍ ላይ የሚኖሩት በተለይ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ይገኛሉ። ጫካው ለቡና ሲመነጠርና የጥላ ዛፎቹ ሲሳሱ እነርሱም ይጠፋሉ። በዚያ ላይ እኛ ከተሜዎች ቅርንጫፍ እያስቆረጥን ብንሄድ ምን ሊተርፍ ነው?

«ታዲያ ኦርኪድ አናሳድግ ማለታችሁ ነው?» ትሉን ይሆናል። ኧረ በፍጹም! በ1922 (እ.ኤ.አ.) ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የኦርኪድን ዘር ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለበት ማብቀያ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ኦርኪድ ጫካ ሳይነካ በብዛት ይራባል። የምንገዛው እንዲህ የተባዛውን ይሁን። አያያዙም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ምርጫ። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ አበባው ቢራቢሮ የሚመስለው ፋሌኖፕሲስ ሙቀት ይወዳል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚከብደው ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። ቅጠሉ እንደ ሣር የረዘመው ሲምቢዲየም ግን አበባ እንዲያወጣ ቀዝቃዛ ሌሊት ያስፈልገዋልና ውርጭ በማይነካው በረንዳ ላይ ይስማማዋል። ለእኛ ሰፈር የሚሻለው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛ፣ መትከያ። ሥሩ አየር እንዲያገኝ፣ ፋሌኖፕሲስ በተሰባበረ የዛፍ ቅርፊትና ጥቂት ከሰል ይተከል እንጂ በአፈር አይሁን። ማሰሮው ከሥር በደንብ የተበሳ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ውሃ። ለፋሌኖፕሲስ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ጧት አጠጥቶ ከሥር እስኪወርድ ማንጠፍጠፍ ነው። በቅጠሎቹ መሐል ውሃ ከተጠራቀመ በጨርቅ ይደረቅ። በውሃ ጥማት ከሚሞተው በውሃ ብዛት የሚሞተው ይበልጣል።

አራተኛ፣ ብርሃን። ደማቅ ብርሃን እንጂ የቀትር ፀሐይ አይምታው። ቅጠሉ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሶታል፤ ቢጫ ወይም ቀላ ካለ በዝቶበታል። አበባው ሲረግፍ ደግሞ «አለቀለት» ብላችሁ እንዳትጥሉት! በደንብ ከተያዘ ዞሮ ያብባል።

ለማየት ብቻ የሚፈልግም አይጨነቅ። በእንጦጦ ግርጌ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለልን። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። በዚያ ተክል በቦታው፣ ከስሙ ጋር ይታያል። በመስከረም ተራራው በአደይ አበባ ቢጫ ሲለብስ ልጆችን ይዞ መሄድ ደስ ያሰኛል። መሬት ላይ የሚበቅሉ የደጋ ኦርኪዶችም ብዙዎቹ የሚያብቡት በክረምትና በክረምቱ መውጫ ነውና ሣር ስትረግጡ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። ታዲያ ማየት እንጂ መቅጠፍ የለም።

በመጨረሻም ኮሚቴያችን ሁለት ሐሳብ ያቀርባል። አንደኛው፣ ከጫካ የተነቀለ ኦርኪድ ማንኛችንም እንዳንገዛ፣ ለዘመድም «አምጣልኝ» ብለን እንዳናዝ። ሁለተኛው፣ ክረምቱ ሲወጣ ማኅበራችን ወደ ጉለሌ የጋራ ጉብኝት እንዲያዘጋጅ። ሲምቢዲየም ያላችሁ ደግሞ ስታካፍሉት አንዱን ቁራጭ ለጎረቤት ስጡ፤ አበባም እንደ እርሾ ነው፣ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ይበረክታል።

ከከፋ ያመጣነው ቅርንጫፍ ዛሬም በግቢያችን ደርቆ ቆሟል። ያልጣልነው እንዲያስታውሰን ብለን ነው።