ሕግና ክሪሚኖሎጂ በአንድ ክፍል
በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የፕሮግራሙን ወረቀት አይታችሁ «ሐኪሟን ከሕግ ትምህርት ጋር ምን አገናኛት?» ያላችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። እኔ ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ ድንገተኛ ክፍል ሌሊት ሌሊት ግማሹ ሆስፒታል፣ ግማሹ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ተደብድቦ የመጣ አለ፣ በጩቤ የተወጋ አለ፣ እናቷ ደግፋት የምትገባ የተደፈረች ልጅ አለች። ቁስሉን አጥበን ስንሰፋ ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። በማግስቱ ፖሊስ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ግን ሌላው ሥራ ይጀምራል።

ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገቡ የተዘጋጁ ጓደኞቼ፣ ልጆቹም ራሳቸው፣ «ሕግና ክሪሚኖሎጂን አንድ ላይ መማር ያዋጣል ወይ?» ይሉኛል። ክሪሚኖሎጂ ማለት ወንጀል ለምን እንደሚፈጸም፣ በማን ላይ እንደሚበዛ፣ ቅጣቱስ ምን እንደሚለውጥ የሚያጠና ትምህርት ነው። መልሴ «አዎ፣ ያዋጣል» ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ለምን እንደማዋጣው ከሐኪም ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ከአንዲት ገጽ ወረቀት ልጀምር፤ ሐኪም ለፖሊስ ከሚጽፈው የሕክምና ማስረጃ። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 555 ስለ ከባድ የአካል ጉዳት ይናገራል። ለሕይወት የሚያሰጋ ቁስል፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ላይ ዘላቂ ጉዳት፣ የአካል መጉደል፣ ጎልቶ የሚታይ የመልክ መበላሸት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ከዚያ በታች ያለው ጉዳት በአንቀጽ 556 ይታያል፤ በመደበኛው ሁኔታ ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሦስት በሽተኛ እየጠበቀው፣ አንድ ወጣት ሐኪም «ዘላቂ» የምትለዋን ቃል ይጽፋታል ወይም ይተዋታል። በዚያች ቃል ላይ የሁለት ሰው ሕይወት ተንጠልጥሏል።

አንድ ጊዜ አንድ ዐቃቤ ሕግ ደውሎ፣ «ዶክተር፣ በአንድ ቃል ንገሪኝ፤ ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» አለኝ። «ወንድሜ፣ እኔ የምነግርህ አጥንቱ የት እንደተሰበረ፣ እጁ ወደፊት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ነው፤ ከባድ ቀላል የሚለው የእናንተ ሚዛን ነው» አልኩት። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 51 ስለ ተከሳሽ የአእምሮ ሁኔታ ባለሙያ ሲጠየቅ፣ ዳኛው የሚገደደው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት እንጂ ባለሙያው ከዚያ በመነሳት በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ድንበሩ ግልጽ ነው። ችግሩ ድንበሩን ከወዲህም ከወዲያም የሚያውቅ ሰው ማነሱ ነው።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ተደፍራ በመጣች ልጅ ደብዳቤ ላይ «ድንግልናዋ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የሚጠይቀው ስለ ኃይልና ዛቻ፣ ራስን መከላከል እንዳትችል ስለመደረግ ነው፤ ስለ ድንግልና አይደለም። በሕክምና በኩል ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቆም ጠይቀዋል። ሕጉም አልጠየቀ፣ ሳይንሱም አይመልስ፤ ልጅቷ ግን ለዚያ ጥያቄ ስትባል ሁለተኛ ትጎዳለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቆመው ሕጉንም የወንጀሉንም ባሕርይ አንድ ላይ የተማረ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ሲኖረን ነው።

እስካሁን ያወራሁት መዝገብ ስለተከፈተለት ጉዳይ ነው። መዝገብ ያልተከፈተለትስ? የሕግ ሰው የሚያየው ፋይል የሆነውን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 23 በመቶው ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ አካላዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል እርዳታ የጠየቁት ደግሞ ከአራት አንዷ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት የት ናቸው? አንዳንዶቹ እኔ ጋ ናቸው። ክንዷ ተሰብሮ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትለኛለች፤ ባሏ ከበር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ጀሶውን አስሬ እሸኛታለሁ። ለሕጉ እሷ የለችም። ክሪሚኖሎጂ ግን «ያልተቆጠረውን እንዴት እንቁጠር?» ብሎ ይነሳል።

ደግሞ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 1ን አንብቡት። ዓላማው ወንጀልን መከላከል ነው ይላል፤ አስቀድሞ በማስጠንቀቅ፣ ማስጠንቀቁ ካልበቃም በመቅጣትና በማረም። እሺ፣ መከላከሉ ተሳክቷል ወይ? ይህን የሚመልስ አንቀጽ የለም። በሕክምና መድኃኒት ሰጥተን ትኩሳቱን ካልለካን ሐኪም አንባልም። ሕጉ መድኃኒቱን ያዝዛል፤ ትኩሳቱን የሚለካው ክሪሚኖሎጂ ነው።

ሐኪምም በዚህ ልኬት ውስጥ ድርሻ እንዳለው ከዌልስ ከተማ ከካርዲፍ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጆናታን ሼፐርድ የሚባል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም፣ ተደብድበው እሱ ጋ ከሚታከሙት ብዙዎቹ በፖሊስ መዝገብ ላይ እንደሌሉ አስተዋለ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ተቀባዮቹ የተጎዳውን ሁሉ «የት? መቼ? በምን?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ስም ተሰርዞ መረጃው ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ይሰጣል፤ እነሱም ጠብ የሚበዛበትን ቦታና ሰዓት እያዩ ይሰማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ በጥቃት ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙት ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። ሦስት ጥያቄ ብቻ፣ አይደል? ግን ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ተመራማሪው አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ጥያቄዎቹ አይጠየቁም ነበር።

ሐኪሞችን ብቻ አሞግሼ እንዳልሄድ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ወንጀለኛን በሳይንስ አጠናለሁ ብሎ ከተነሱት ቀዳሚ የሆነው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ሎምብሮዞ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ የራስ ቅልና የመንጋጋ ልኬት እያነሳ «የተወለደ ወንጀለኛ አለ» አለ። ሐሳቡ ኋላ ውድቅ ቢሆንም እስኪወድቅ ድረስ ብዙ ሰው በመልኩ ተጠርጥሯል። «ማስረጃህ የታል? ሰው የሚጠየቀው ባደረገው ነው እንጂ በመልኩ ነው ወይ?» የሚለውን ሕግ ነው የሚያስተምረን። ክሪሚኖሎጂ ያለ ሕግ ሲሄድ ሰውን በጅምላ ይፈርጃል፤ ሕግ ያለ ክሪሚኖሎጂ ሲሄድ ደግሞ ያንኑ ጥፋት እየደጋገመ ይቀጣል። ለዚህ ነው አንድ ላይ የምለው።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በአውጫጭኝ የአካባቢውን ሰው ሰብስበው የሚያውቀውን ያስወጡት ነበር። በሌባሻይ ደግሞ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ የወደቀበት ቤት ሰው ሌባ ይባል ነበር። ሁለቱም «ማን አደረገው?» ለሚለው መልስ ፍለጋ ናቸው። አንዱ ምስክር ይሰማል፣ ሌላው ሰውን በመውደቅና በመነሳት ይኮንናል። የሁለቱን ልዩነት ለተማሪ ማስረዳት በራሱ ጥሩ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሁለት ዲግሪ ይሰጥ አላልኩም፤ የትምህርት ክፍሎቹ ጫና እንዳለባቸው አውቃለሁ። የምለምነው አንድ የጋራ ኮርስ ነው፤ አንድ ሴሚስተር። የሕግ፣ የሶሲዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎች አንድ ክፍል ይቀመጡ። ስም የተሰረዘበት፣ ፍርድ ያገኘ አንድ መዝገብ ይሰጣቸው። የሕክምና ተማሪው ማስረጃውን ይጻፍ፣ የሕግ ተማሪዋ በመስቀለኛ ጥያቄ ትፈትነው፣ ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ጉዳይ በዚህ ሰፈር ስንተኛው ነው? ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። በፈተና የሚመጣው አንድ ነገር ይሁን፦ እያንዳንዱ የሌላውን ወረቀት አንብቦ በራሱ ቃል ማስረዳት።

መምህር ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ መርማሪ አለ፣ ሐኪምም ሞልቷል። እያንዳንዳችን በሴሚስተር ሁለት ከሰዓት ብንሰጥ ኮርሱ ቆመ ማለት ነው። የእኔን ሁለት ከሰዓት ዛሬውኑ አስመዝግቤያለሁ፤ መዝገቡ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ እባካችሁ እዚያ ጋ ቆም በሉ።